ከእንጦጦ ቅጠል የእንቁጣጣሽ ካርድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀኝ እጄ ጣቶች አልታጠፍ ብለውኛል። ስንቱን በሽተኛ «እጅሽን አሠሪው» ስል የኖርኩ ነርስ፣ ለራሴ ሲሆን ሰነፍኩ። ያስጀመረኝ የልጅ ልጄ ነው። ባለፈው ጳጉሜን እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልመን (ንግሡ መስከረም 1 ስለሆነ ግርግሩን ሸሽተን ነው) ስንመለስ ኪሱን በባሕር ዛፍ ቅጠል ሞላ፤ ለእንቁጣጣሽ የሚያዞረውን ሥዕል ሊሠራበት።

ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ዓይነት ቅጠል እንዳለው ግን ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው፤ ከጉቶው ያቆጠቆጠው ክብ ቢጤ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ጥንድ ጥንድ ነው፤ የትልቁ ዛፍ ረጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ። ክቡን መሐል፣ ማጭዱን ዳር ዳር ስንደረድረው የቀሚስ ጥለት መሰለ።

ቅጠሉን በጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ መጽሐፍ ጫኑበት፤ ይደር። ደም ሥሩ ጎላ ባለበት በጀርባው በኩል ቀለም በስሱ ቀቡ። (ደም ሥር ፍለጋ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ቀለሙን አብዝቼ ግን አሥር ወረቀት አበላሽቻለሁ።) ከዚያ ወረቀት ላይ ደፍታችሁ በማንኪያ ጀርባ እሹት። ለትራስ ልብስ ከሆነ የጨርቅ ቀለም ተጠቀሙ። አደይ አበባ አልሆነልንም፤ ተጨፈለቀች፣ በእርሳስ ሣልናት።

ዘንድሮ አውራ ጣቴ ከትንሿ ጣቴ ጋር ይገናኛል። ልጁ ማንኪያውን ለእኔ ትቶ ቀለም ቀቢ ሆኗል።