የፍሬን ፔዳል መላላት፦ ለነባር ተሽከርካሪ ባለንብረቶች

ፍሬን ሲረገጥ ፔዳሉ ጠንክሮ መቆም ሲገባው እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ወይም ወደ ወለሉ የሚጠጋ ከሆነ፣ ከእግር የሚነሳው ግፊት ጎማዎቹ ጋ ሳይደርስ እየባከነ ነው። የፍሬን ዘይት ግፊት የሚያስተላልፈው ስለማይጨመቅ ነው። አየር ግን ይጨመቃል፤ በመስመሩ ውስጥ ጥቂት አየር መግባቱ ብቻ ፔዳሉን ያላላል።

ብዙ አሽከርካሪዎች ፔዳሉን ሁለትና ሦስት ጊዜ ደጋግመው በመርገጥ ፍሬኑ እስከያዘላቸው ድረስ ጉዳዩን ለነገ ያሳድራሉ። ሕፃን ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ ግን ለመድገም ጊዜ አይኖርም።

የብልሽቱን ምንጭ ለመለየት ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ይቆማል፤ ለጎማዎቹም ታኮ ይደረጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ቀጥሎም ለ30 ሰከንድ ያህል ተረግጦ ይያዛል። በመደጋገም ብዛት ከፍ እያለና እየጠነከረ የሚሄድ ፔዳል በመስመሩ ውስጥ አየር መኖሩን፣ ወይም የኋላ ጎማዎቹ ከበሮ ፍሬን ሸራ ማስተካከያ የሚሻ መሆኑን ይጠቁማል። ተረግጦ ሳለ ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነና በውጭ ምንም ፍሳሽ ካልታየ፣ በአብዛኛው ያለቁት በተለምዶ ማስተር ሲሊንደር በሚባለው ዋና የፍሬን ፓምፕ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ናቸው። ፔዳሉ እንደተረገጠ ሞተሩ ሲነሳ በጥቂቱ ዝቅ ማለቱ ግን ብልሽት አይደለም፤ የፍሬን አጋዡ መሥራቱን ያሳያል።

የዘይት መያዣውም ይታያል። መጠኑ በወራት ውስጥ በጥቂቱ መቀነሱ ሸራ እያለቀ መምጣቱን ሊያመለክት ይችላል። በቀናት ውስጥ መጉደሉ ግን ፍሳሽ መኖሩን ያመለክታል፤ በመሆኑም የጎማዎቹ የውስጥ ገጽ፣ የቱቦዎቹ መጋጠሚያና ከዋናው ፓምፕ ሥር ያለው ቦታ ለእርጥበት ይፈተሻል። ዘይት እየጨመሩ መንዳት ጥገና አይደለም። በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ መላ ሥርዓቱን ያበላሻል።

በነባር ተሽከርካሪዎች ላይ በቀላሉ የማይታወቀው መንስኤ ያረጀ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ የዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ መጠን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ መንገድ ላይ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ተሽከርካሪ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፤ ከዘይቱ የሚወጣው እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃልና ከተማ ውስጥ ደህና የነበረው ፔዳል በድንገት ይሰምጣል። ሲቀዘቅዝ መመለሱ አሽከርካሪውን ሊያዘናጋው አይገባም። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ወደ ከባድ መቀየር ፍሬኑን ከመጋል ያሳርፈዋል፤ ያረጀው ዘይት ግን መለወጡ ግድ ነው።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ የፍሬኑን የመያዝ ኃይል የሚለካው በምርመራው ቀን ነው፤ ስለዚህ ቦሎ ማግኘት ከዚያ በኋላ ለሚላላ ፔዳል ዋስትና አይሆንም። ፔዳሉ የሚሰምጥ ወይም ዘይት የሚያፈስ ተሽከርካሪ ወደ ጋራዥ በተጎታች እንጂ እየተነዳ አይወሰድም። ጥገናው ሲጠናቀቅ አየሩ ከአራቱም ጎማዎች መውጣቱንና በዚያ ጊዜ የወጣው ዘይት ተመልሶ አለመሞላቱን ባለንብረቱ በቦታው ሆኖ ያረጋግጣል።