የቲሞችና የሙያ ምርጫ

አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ «እንጃ» ቢል ብዙዎቻችን ከስንፍና እንቆጥርበታለን። ልጁ የቲም ሲሆን ግን መልሱ ሌላ ትርጉም አለው። በሌሎች ገንዘብ የሚማር ልጅ ቢሳሳት እናቱን፣ አጎቱንና ዓይቶት የማያውቀውን ረጂውን ጭምር የሚያሳፍር ስለሚመስለው፣ ከመወሰን ይልቅ ዝም ማለትን ይመርጣል።

ጊዜው ግን አይጠብቀውም። 11ኛ ክፍል ሲደርስ ከተፈጥሮና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መያዝ ግድ ይለዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩም እናስታውሳለን። «ዶክተር ሁንልን» ከመባል በቀር ሌላ መንገድ ያልታሰበለት ልጅ በአንድ ውጤት መድረሻ ያጣል።

የሥነ ልቦናው ሊቅ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በችሎታው እንዲተማመን ከምክርና ከማበረታቻ ይበልጥ የሚረዳው ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ማየቱ መሆኑን አስረድቷል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ6ኛው አንቀጽ፣ ገንዘባቸው ከመሰጠቱ በፊት የቲሞች እንዲፈተኑ ያዛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ኢማም አን-ነወዊ ፈተናውን ሲያብራሩ የነጋዴ ልጅ በመሸጥና በመግዛት፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ፣ የባለ እጅ ልጅ በሙያው ይፈተናል ብለዋል። ዋጋውን ልጁ ይከራከራል፤ ውሉን ግን አሳዳጊው ይፈጽማል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ልጁ ይለማመዳል፣ ንብረቱም አይጠፋም።

ኮልፌ ቀራኒዮ ለዚህ አመቺ ነው። መርካቶ ቅርብ ናት፤ በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ይሆናል። ከአየር ጤና እስከ ቤቴልም ልብስ ሰፊው፣ አናጺው፣ የሞባይል ጠጋኙ አይጠፋም። ስለዚህ ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ያላችሁ ለጋሾቻችን፣ ከብሩ በተጨማሪ በክረምቱ ዕረፍት ሁለት ሳምንት ልጆቹን አጠገባችሁ አውሉልን። ሒሳብ ይያዙ፣ ደንበኛ ያናግሩ። ጉልበታቸው ግን አይበዝበዝ፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል።

ልጁ ሲመለስ «ወደድከው?» ከማለት «የቱ ቀለለህ? የቱ ሰለቸህ?» ማለት ይሻላል። ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም ብሎ መመለሱም ትርፍ ነው። ሐሳቡን ቢለውጥ ድጋፉ እንደማይቋረጥበትም እናቱ ባለችበት አስቀድሞ ይነገረው።