ታድሶ የተገጠመ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ዘይት ስለ ማድረስ

ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት፥ እንዲሁም ለባለ መኪናና ለባለ ወፍጮ የተጻፈ

በዶዮገና ደጋ የሚበቅለው ድንች፥ ስንዴ፥ ገብስና ባቄላ ወደ ሩቅ ገበያ የሚወጣው በመኪና ነው፤ እህሉም ብዙ ጊዜ ዱቄት የሚሆነው በሞተር ወፍጮ ነው። ከሆሳዕና ተነሥቶ በዶዮገና በኩል ወደ አረካና ወደ ሶዶ በሚያልፈው መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሥራ ቢያቆም፥ ጉዳቱ የባለ መኪናው ብቻ አይደለም፤ ጆንያውን አስሮ የሚጠብቀው ገበሬም፥ ዘርና ማዳበሪያ እንዲደርስለት የሚጠብቀው ወረዳም የጉዳቱ ተካፋይ ነው። ስለዚህ ያረጀ ሞተር ተፈትቶ፥ የተበላው ክፍል ተለውጦ፥ እንደ ገና ሲገጠም ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብና ድካም ግን ሞተሩ ታድሶ በተነሣበት በዚያው ቀን፥ ያውም በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ፥ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ዘይቱ ወደ ውስጥ ሳይደርስ እሳቱ መቅደሙ ነው።

የጥገናው ሥራ የመካኒክ ቢሆንም፥ መኪናውን ተረክቦ በወረቀት ላይ የሚፈርመው ሹሙ ወይም ባለ ንብረቱ ነው። ምን መጠየቅ እንደሚገባው ሳያውቅ የፈረመ ሰው፥ ያላየውን አይቻለሁ ብሎ እንደ መሰከረ ይቈጠራል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ዘይት በሞተር ውስጥ የሚደረገው ብረቱን ለማለስለስ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከዚህ ይበልጣል። የፒስቶኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዋናው ዘንግ ክራንክሻፍት ይባላል። ይህ ዘንግ የሚያርፍባቸው ከለስላሳ ማዕድን የተሠሩ ቅርፊቶች ብሮንዚና ይባላሉ። በዘንጉና በብሮንዚናው መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ከመቶ እጅ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከራስ ጠጕር ውፍረት የማይበልጥ ነው። ይህን ክፍተት ዘይት ሲመላው ዘንጉ በዘይቱ ላይ ተንሳፎ ይዞራል፤ ብረትም ብረትን አይነካም።

ይህን በግልጥ ያሳየ ቢውቻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። እርሱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1883 ስለ ባቡር መንኰራኵር ዘንግ ሲመረምር፥ በመደገፊያው ራስ ላይ የዘይት መስጫ ቀዳዳ ቢበሳ፥ ዘይቱ በዚያው ቀዳዳ ወደ ላይ እየገነፈለ ወጣ። በቡሽ ቢደፍነው ቡሹን፥ በእንጨት ቢወትፈው እንጨቱን ገፍቶ ጣለው። በዚህም ሸክሙን የሚሸከመው የዘይቱ ግፊት እንደ ሆነ ታወቀ፤ በ1886 ደግሞ ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለው ሊቅ ነገሩን በሒሳብ አስረዳ። እንግዲህ ዘይት በሌለበት ሸክሙን የሚሸከመው ራሱ ለስላሳው ብሮንዚና ነው ማለት ነው፤ እርሱም ለዚህ አልተሠራም።

ዘይቱ የሚከማቸው ከሞተሩ በታች ባለው ገንዳ ነው፤ መካኒኮች ኮፓ ይሉታል። ፖምፓው ከኮፓው እየሳበ፥ በፊልትሮ እያጣራ፥ ወደ ዋናው የዘይት መተላለፊያ ይገፋዋል፤ ከዚያም ወደ ብሮንዚናዎቹ፥ ወደ ካምሻፍቱ፥ እስከ ላይ ቫልቮቹን እስከሚጫኑት ክንዶች ድረስ ይደርሳል። ትናንት ሲሠራ ውሎ ያደረ ሞተር ጧት ሲነሣ፥ በብሮንዚናው ላይ የቀረ ስስ ዘይት ይጠብቀዋል። ታድሶ የተገጠመው ሞተር ግን እንዲህ አይደለም። ክፍሉ ሁሉ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ታጥቧል፤ ፊልትሮው አዲስ ስለ ሆነ ባዶ ነው፤ መተላለፊያው የያዘው አየር ብቻ ነው፤ የፖምፓው ጥርሶችም ደረቅ ስለ ሆኑ ዘይት ለመሳብ ይሳናቸዋል። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ የሚዞር ቢሆን፥ በግማሽ ደቂቃ 400 ጊዜ ይዞራል፤ ይኸውም 400 ጊዜ ያለ ዘይት መፋተግ ነው። በወንጌል የተነገሩት አምስቱ ሰነፎች ደናግል መብራታቸውን ይዘው ዘይቱን ረሱ፤ ሊገዙ በሄዱ ጊዜም በሩ ተዘጋ። ደረቅ ሞተር የሚያስነሣ ሰውም እንደ እነርሱ ነው፤ ዘይቱ በኋላ ይደርሳል፥ ነገር ግን የሚደርሰው ብሮንዚናው ከተፋቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሥራው በአምስት ተራ ሊፈጸም ይገባዋል።

አንደኛ፤ ሞተሩ ሲገጠም እያንዳንዱ ብሮንዚና፥ ፒስቶንና ካምሻፍት ንጹሕ የሞተር ዘይት ወይም ለመግጠሚያ የተሠራ ቅባት ይቀባል። የፖምፓው ጥርሶች በቫዝሊን ይሞላሉ፤ ቫዝሊኑ አየሩን አስወጥቶ ፖምፓው ቶሎ እንዲስብ ይረዳዋል፥ ኋላም በትኩሱ ዘይት ውስጥ ይቀልጣል። በቫዝሊን ፈንታ ወፍራም ግራሶ ማድረግ ግን አይገባም፤ ሳይቀልጥ ቀርቶ መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላልና።

ሁለተኛ፤ ኮፓው ፋብሪካው ባዘዘው ዓይነት ንጹሕ ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ ይሞላል። የፊልትሮው አፍ ወደ ላይ የሚቆም የሆነ እንደ ሆነ፥ ሳይታሰር አስቀድሞ በዘይት ይሞላል።

ሦስተኛ፤ ሞተሩ እሳት ሳይነካው ዘይቱ በግፊት እስከ ላይ እንዲደርስ ይደረጋል። ለዚህም ሦስት መንገድ አለ። በቀድሞዎቹ የቤንዚን ሞተሮች በብዙዎቹ ፖምፓውን የሚያዞረው የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ነው፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ዲስትሪቢዩተሩን አውጥቶ፥ በቀዳዳው ለፖምፓው የሚገጥም ዘንግ አስገብቶ፥ ፖምፓው በሚዞርበት አቅጣጫ በመሰርሰሪያ ማዞር ነው። ፖምፓው ከራሱ ከክራንክሻፍቱ የሚዞር ከሆነ ግን፥ ለግፊት የተሠራ ዕቃ በዘይት ሞልቶ፥ የዘይት መብራቱ ማብሪያ በሚታሰርበት ቀዳዳ ላይ በቧንቧ አያይዞ፥ ከ2 እስከ 3 ባር በሚደርስ የአየር ግፊት መግፋት ነው። ዘይቱ ከዕቃው ሳያልቅ ይዘጋል፤ ያለዚያ አየር ይገባል። በሁለቱም መንገድ ዘይቱ ሲገፋ ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ያስፈልጋል፤ የአንዳንዱ ብሮንዚና ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር የሚገናኘው ሲዞር ነውና።

ይህ ሁሉ መሣሪያ የሌለ እንደ ሆነ፥ ሦስተኛው መንገድ በሞተሪኖ ማዞር ነው። በቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፥ ቤንዚኑና የእሳቱ መስመርም ይቋረጣል፤ በናፍጣ ሞተር ናፍጣው ይዘጋል። ካንዴላው ሲወጣ መጭመቅ ስለሚቀር በብሮንዚናው ላይ ያለው ሸክም ቀላል ይሆናል። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል 10 ወይም 15 ሰከንድ አዙሮ፥ ጥቂት አሳርፎ፥ ግፊቱ እስኪታይ መደጋገም ነው። ይህ መንገድ ከሦስቱ የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ማዞር በካምሻፍቱ ላይ የተቀባውን ቅባት ይጠርገዋልና። ቢሆንም ደረቅ ሞተር ከማስነሣት እጅግ ይሻላል።

አራተኛ፤ ዘይቱ መድረሱ በዓይን ይረጋገጣል። በላይ ያለው ክዳን ተከፍቶ፥ ዘይት ከቫልቮቹ ክንዶች ሲወጣ መታየት አለበት፤ ግፊቱም በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ ይለካል። የቀዩ መብራት መጥፋት ብቻ በቂ ምስክር አይደለም፤ መብራቱ በጣም ጥቂት ግፊት ሲያገኝም ይጠፋልና። ከዚህ በኋላ የኮፓው ዘይት ልክ ዳግመኛ ይታያል፤ ፊልትሮውና መተላለፊያው ሲሞሉ ይጎድላል፥ ከውጭ በዕቃ የተገፋ ከሆነ ደግሞ ይተርፋል።

አምስተኛ፤ ሞተሩ ይነሣል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ዓይኑን ከመለኪያው ላይ ማንሣት የለበትም፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ግፊት ካልታየ ወዲያው ማጥፋትና ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ተርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ከሆነ፥ የተርቦው ዘይት መግቢያ አስቀድሞ በዘይት ይሞላል፤ ግፊቱ ሳይረጋም ነዳጅ መርገጥ ክልክል ነው። የዶዮገና ጧት ብርድ ስለ ሆነና በብርድ ዘይት ስለሚወፍር፥ የመጀመሪያውን ማስነሣት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ማድረግ መልካም ነው። ከተገጠመና ዘይት ከተሰጠው በኋላ ሳይነሣ ብዙ ቀን የቆመ ሞተርም ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ሥራው እንደ ገና ይደገምለታል።

በማኖቬላ ስለሚነሣው የወፍጮ ሞተርም ደንቡ ይኸው ነው። ፖምፓ ያለው ከሆነ፥ መጭመቂያውን የሚያላላውን ማንሻ አንሥቶ፥ ናፍጣውን ዘግቶ፥ ዘይቱ እስኪደርስ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ፖምፓ የሌለውና ዘይቱን በመርጨት ብቻ የሚቀባ ከሆነ፥ ክዳኑ ተከፍቶ በየመደገፊያው ላይ ዘይት በእጅ ይፈስሳል።

አንዳንድ መካኒክ፥ «እኛ ይህን ሳናደርግ ብዙ ሞተር አስነሥተናል፥ ምንም አልሆነም» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ደረቅ የተነሣ ሞተር ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን አይሞትም። ብሮንዚናው ጥቂት ይፋቃል፥ ሞተሩም መልካም ድምፅ እያሰማ ከጋራዡ ይወጣል። ከወራት በኋላ ግን የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፥ ማንኳኳትም ይጀምራል። ያን ጊዜ የጋራዡ ዋስትና አልፏል፤ መካኒኩ በዘይቱ፥ ሾፌሩ በመካኒኩ ያሳብባል፤ ክራንክሻፍቱን እንደ ገና ለማስረጥ የሚከፍለው ግን ባለ ንብረቱ ወይም ወረዳው ነው።

ስለዚህ የታደሰ ሞተር የሚረከብ ሹም ወይም ባለ ንብረት ሞተሩ ሳይነሣ አስቀድሞ በቦታው ይገኝ፤ ወይም የሚያምነውን ሰው ይላክ። አራት ነገርም ይጠይቅ፤ ዘይቱ በየትኛው መንገድ ተሰጠ? ከላይ መድረሱ ታየ? በመለኪያው የታየው ግፊት ስንት ነው? የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ የሚለወጠው መቼ ነው? አዲስ የተገጠመ ሞተር ጥቃቅን የብረት ብናኝ ስለሚያወጣ፥ የፋብሪካው መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ፥ ዘይቱን በ500 ኪሎ ሜትር ግድም መለወጥ የተለመደ ነው። መልሱ ከቀኑና ከመካኒኩ ፊርማ ጋር በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህን ሁሉ መፈጸም ከግማሽ ቀን የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ሳይፈጸም ቢቀር ግን የዘር ወቅት በደረሰ ጊዜ መኪናው በጋራዥ፥ እህሉም በጎተራ ይቀራል።