የመኪና የፊት መብራት፤ ሃሎጅን ወይስ ኤል ኢ ዲ?

ከወላይታ ሶዶ ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አረካ በሌሊት ለሚነዳ ሰው ዋናው ጭንቀት በመንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛና ከብት በጊዜ ማየት ነው። ስለዚህም አንዳንድ ባለመኪናዎች የሃሎጅኑን አምፑል አውጥተው በምትኩ ኤል ኢ ዲ ያስገባሉ።

ኤች 4 የሚባለው የሃሎጅን አምፑል ለአጭር መብራት 55፣ ለረጅም መብራት 60 ዋት ይወስዳል። የሚያበራው በውስጡ ያለው ቀጭን የተንግስተን ክር ግሎ ስለሆነ፣ ከኃይሉ የሚበዛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ኤል ኢ ዲ በዚህ በኩል ይበልጣል፤ በጥቂት ዋት ብዙ ያበራል።

ዳሩ ግን የመብራቱ አንጸባራቂ ሳህን ቅርጽ የተለካው ክሩ ለሚቀመጥበት ቦታ ነው። የኤል ኢ ዲ አምፑል ብርሃን የሚወጣው ከጠፍጣፋ ሰሌዳ ሁለት ገጽ ነውና፣ ከዚያ ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ቢዛነፍ ይበተናል። ያን ጊዜ ቅርቡ አስፋልት ቦግ ይላል፤ የነጂው ዓይንም ያን ስለሚለምድ ሩቁ ይጨልምበታል። ከፊት የሚመጣው ነጂ ደግሞ ዓይኑ ይጭበረበራል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ምንም ባላጠፋው እግረኛ ላይ ነው።

ከፋብሪካው ለኤል ኢ ዲ ተብሎ የተሠራ መብራት ከሃሎጅን እንደሚሻል አያከራክርም። ለአሮጌው መኪና ግን የጸዳ መስታወትና አዲስ ሃሎጅን ይበልጥ ይጠቅማሉ። ለመፈተን መኪናውን በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ ፊት አቁሞ አጭሩን መብራት ማብራት ነው፤ የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ጥርት ብሎ ካልተቆረጠ፣ አምፑሉ ለዚያ መብራት አይስማማም ወይም በደንብ አልተገጠመም።