ወንድ ነርስ «ዶክተር መሆን ያቃተው» ነው? ተረቱና እውነታው

ተረት፦ «ወንድ ልጅ ነርስ የሚሆነው ዶክተር መሆን ሲያቅተው ነው።»

ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። የሚናገሩት ደግሞ ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አይደሉም። አጎት ሰርግ ላይ፣ መምህር ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ራሱ ራውንድ ላይ እንደ ቀልድ ጣል ያደርጋታል። የቀልዱን ዋጋ የሚከፍለው ግን አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ነው።

ለተረቱ ድርሻውን ልስጠው። በአገራችን ሕክምና ለመግባት ከፍተኛ ውጤት ያስፈልጋል። ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ በውጤቱ ይመደባል። ሕክምናን አንደኛ ሞልቶ ነርሲንግ የደረሰው ወንድ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ያው ድልድል ሴቷንም እዚያው ክፍል አስገብቷታል፤ እሷን «ዶክተር መሆን አቅቷት ነው» የሚላት የለም፣ ቦታዋ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሕክምና ሳይደርሰው ቀርቶ ሲቪል ምሕንድስና የገባውንም የወደቀ ዶክተር የሚለው አልሰማሁም። ነቀፌታው ለወንዱ ነርስ ብቻ ከተቀመጠ፣ ጉዳዩ የፈተና ውጤት አይደለም፤ «የሴት ሥራ» ብለን የናቅነው ሥራ ነው።

እውነታ፦ ነርስነት ወደ ሐኪምነት ሲኬድ መሀል መንገድ ላይ የሚቀሩበት ጣቢያ አይደለም። የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ ተጠያቂነት ያለው ሙያ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ይለያል፣ ያዝዛል፣ ወደ ሌላው አልጋ ይሄዳል። ሌሊትና ቀን በየፈረቃው በሽተኛው አጠገብ የሚቆየው ነርሱ ነው። ደም ሲሰጥ ከባድ የሆነው መቆጣት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ምልክት ስለሚያሳይ ከአልጋው አይርቅም፤ ብርድ ብርድ ማለት፣ የወገብ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ካየ ደሙን ወዲያው ያቆማል። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ቁጥሩ 28 ሲደርስ፣ የደም ግፊቱ ገና ደህና ቢመስልም፣ አደጋ እየመጣ መሆኑን ቀድሞ የሚያውቀው ቁጭ ብሎ የቆጠረው ሰው ነው። ራሱን ማዞር የማይችለውን በሽተኛ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ደግሞ ሥጋ እስከ አጥንት የሚበላውን የአልጋ ቁስል ይከላከላል። ይህ ሁሉ የማን ግማሽ ሥራ ነው?

ጉዳቱን ዋርድ ውስጥ ማየት ይቻላል። ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሲገባ አስታማሚው ብድግ ብሎ «ዶክተር» ይለዋል፤ ሐኪሟ ስትገባ «ሲስተር» ትባላለች። መርምራ፣ አዝዛ ስትወጣ «ዶክተሩ መቼ ነው የሚያየን?» ይባላል። ከዚህ የባሰው በዝምታ የሚያልፈው ነው። በሽተኛው ከትናንት ጀምሮ ሽንት አልሸናም፣ ክኒኑን ሳይውጥ ተፍቶታል፤ አስታማሚዋ ይህን ለነርሱ መንገር ነበረባት። «ዶክተር» ነው ብላ ስላከበረችው ግን «በዚህ አላስቸግረውም» ትላለች። ነርስ መሆኑን ብታውቅ ትነግረው ነበር።

ሰፈር ሲገባም አያርፍም። «አንተ እኮ ዶክተር ማለት ነህ» እያሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛ ፔኒሲሊን ይዘው እንዲወጋቸው ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። ፔኒሲሊን የማይስማማውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ያን ጊዜ የሚያድነው አድሬናሊን የለም። እምቢ ሲል፣ ትክክለኛውን ነገር ስላደረገ፣ «ድሮም አያውቅም» ይባላል። ዶክተር ያደረጉትም፣ ያቃተው ያሉትም እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ይህ ወንድ አሜሪካ ሲሄድ ወሬው ይገለበጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ቀን ታክሲ እየነዳ፣ ማታ እየተማረ፣ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ሲያልፍ፣ አዲስ አበባ ያለችው አክስቱ «ልጃችን አሜሪካ ነርስ ነው» ስትል ደረቷን ነፍታ ነው። ሥራው ያው ነው፤ ደመወዙ ብቻ ተለውጧል። እንግዲህ ስንንቀው የኖርነው ሙያውን ነበር ወይስ ኪሱን?

ተረት፦ «ነርስነት ከጥንት ጀምሮ የሴት ሥራ ነው።»

በ16ኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ፣ ቀድሞ ቁማርተኛ ወታደር የነበረው ካሚሎ ደ ሌሊስ ድውያንን የሚያስታምም የወንዶች ማኅበር አቋቁሟል። ወንዱን ከበር ያስቀረው በኋላ የመጣ ደንብ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1901 የተመሠረተው የአሜሪካ ጦር የነርሶች ክፍል ለወንድ ነርስ መኮንንነት የሰጠው በ1955 ነው። እኛም አገር ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው የድሮው ድሬሰር አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነበር፤ ያኔ ያፈረበት የለም።

ተረት፦ «ወንድ ነርስ የሚያስፈልገው ለማንሳትና ለመያዝ ነው።»

ከባድ ሰው የሚነሣው በሁለት ሰውና በአንሶላ ነው፤ ብቻውን የሚያነሣ ወንድ ወገቡን ይሰብራል። የተረበሸ የአእምሮ ሕመምተኛም በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያረጋጋው ሰው ነው፤ ክንድ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ተረት፦ «ወንድ ነርስ ሴት መንካት የለበትም።»

ይህኛው እውነት አለበት። ሴት በሽተኛ ሴት ነርስ ይሁንልኝ ብትል መብቷ ነው፤ በተቻለ መጠን ሊፈጸምላት ይገባል። ፈቃድ መጠየቅ፣ መጋረጃ መሳብ፣ ሌላ ሰው አብሮ እንዲቆም ማድረግ የሙያው ግዴታ ነው። የሚገርመኝ ግን ወንዱን የማሕፀን ሐኪም ለማግኘት ወር ሙሉ ወረፋ የጠበቀች ሴት፣ ወንዱ አዋላጅ ሲመጣ መደንገጧ ነው። ይህ ሀፍረት ከጊዜ ጋር ይጥፋ ወይስ እንዳለ ይከበር፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ለሐኪሙ የሚሠራው ደንብ ለነርሱም እንደሚሠራ ግን አልጠራጠርም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሆስፒታል ስትገቡ ወደ አልጋው የመጣውን ሰው ስሙንና ሙያውን ጠይቁት፤ ነርስ ከሆነ፣ ትንሽ የመሰላችሁን ለውጥ ሁሉ ንገሩት። ወንድ ልጃችሁ ነርሲንግ ሲደርሰው ደግሞ «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ሕክምና ትማራለህ» እያላችሁ አታጽናኑት። የሚያጽናና ነገር አልደረሰበትም።