የትንሽ ከተማ ምክር ቤት የዘወትር ሥራ ለነጋዴው ያለው ጥቅም

በንግድ ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ የሸቀጡን ዋጋ በሚተምንበት ጊዜ የግዢውን ሒሳብ፣ የመኪናውን ኪራይ፣ የመጋዘኑን ወጪና የመንግሥትን ግብር አንድ በአንድ ይደምራል። ከእነዚህ ወጪዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ግን የሚወሰኑት በአዲስ አበባ፣ በጉምሩክ ወይም በባንክ ቤት አይደለም። እህሉ፣ ማሩና ቆዳው በሚሰበሰብበት፣ ጨውና ሳሙናው በሚቸረቸርበት በትንሹ ከተማ፣ የከተማው ምክር ቤት በሚቀመጥበት አዳራሽ ነው። ይህን የሚያስተውል ነጋዴ ብዙ አይደለም፤ አስተውሎም ጉዳዩን የሚከታተለው ከዚያ ያንሳል።

የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ወገዳ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራው አውራ ጎዳና ከእርሷ በስተ ሰሜን ይቀራል። ስማዳ በምዕራብ ከእስቴ፣ በሰሜን ከጋይንት ጋር ሲዋሰን፣ በደቡብ በኩል ዓባይ ከጎጃም፣ በሽሎ ደግሞ ከወሎ ይለዩታል። እንግዲህ ከደጋና ከቆላ ወደ ገበያ የሚወጣው እህል፣ ፍየልና ማር ከአውራ ጎዳናው እስኪደርስ ድረስ ብዙ ድካም አለበት፤ ከውጭ አገር ገብቶ ወደ ወገዳ የሚወርደው ሸቀጥም እንደዚሁ ነው። በተጨማሪም ወረዳው ድርቅ የሚደጋግመው በመሆኑ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ከታቀፉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች አንዱ ነበር። የገዢው አቅም ይህን ያህል ቀጭን በሆነበት አገር፣ በአንድ ኩንታል ላይ የሚጨመር ጥቂት ብር የገበሬውን ሽያጭ ያወርዳል፤ የባለ ሱቁንም ደንበኛ ያርቃል።

ነጋዴውና የአካባቢው ሹም በክፍያ ነገር መነጋገራቸው አዲስ ጉዳይ አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን በቤጌምድር በይፋግና በደሪጣ ገበያ የሚነግድ ሰው ወደ ምፅዋ ሲወርድም ሆነ ሲመለስ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ የነጋዴዎችን ጉዳይ የሚመለከተውም ነጋድራሱ ነበር። የነጋዴው ጭንቀት የቀረጡ መብዛት ብቻ አልነበረም። በየትኛው ኬላ፣ ስንት ብር፣ ለየትኛውስ ሹም እንደሚከፍል አስቀድሞ ለማወቅ አለመቻሉ ከቀረጡ ይልቅ ያውከው ነበር፤ ያልታወቀ ወጪ በዋጋ ላይ ሊተመን አይችልምና። በሌላውም ዓለም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ብዙ ከተሞች በየዓመቱ የተቈረጠ ገንዘብ ለንጉሡ ገቢ እያደረጉ የከተማቸውን ግብር ራሳቸው ለመሰብሰብ ፈቃድ አግኝተዋል። የፈለጉትም ከክፍያ ነጻ መሆንን ሳይሆን፣ ክፍያው አስቀድሞ እንዲታወቅና በራሳቸው ሰዎች እጅ እንዲመራ ነበር።

በኢትዮጵያም የከተማ አስተዳደር የራሱ ታሪክ አለው። ከንቲባ የሚለው ስመ ማዕርግ አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ አስቀድሞ በጎንደርና በደምቢያ የታወቀ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ እንዲመሩ ሲያደርግ፣ በምክር ቤታቸውም ከሚኒስቴሮች መልእክተኞች ጋር የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው የከተማው ነዋሪዎች እንዲቀመጡ ደንግጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የከተማው ነዋሪ በቀበሌ ማኅበር ተደራጀ፤ የማዘጋጃ ቤቱም መልክ በዚያው መጠን ተለወጠ። የዛሬው አቋም የመጣው ክልሎች ከተቋቋሙ በኋላ ሲሆን፣ በአማራ ክልል በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 91 ከተሞች የሚቋቋሙበትንና የሚደራጁበትን መንገድ፣ ሥልጣንና ተግባራቸውንም ወስኗል። ከተሞቹም በደረጃ የተከፋፈሉ ሲሆን፣ የከተማ አስተዳደር ደረጃ ያልደረሱት ጉዳያቸው ከወረዳው ምክር ቤትና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ይበልጥ የተያያዘ ነው።

የምክር ቤት ስብሰባ ለሩቅ ተመልካች አሰልቺ ሊመስል ይችላል። አፈ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ያረጋግጣል፤ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተነቦ ይጸድቃል፤ ከንቲባው የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ያቀርባል፤ ቋሚ ኮሚቴዎች የታዘቡትን ይናገራሉ፤ አባላት ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም እጅ እየተነሣ ድምፅ ይሰጣል። ሆኖም የዕለቱ አጀንዳ በጥንቃቄ ቢነበብ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ ከገበያ መደብ ኪራይ፣ ከቄራ አገልግሎት ክፍያ፣ ከፍሳሽ ቦይና ከውስጥ ለውስጥ መንገድ የራቀ ነገር ብዙ አይገኝበትም። እነዚህ ሁሉ በነጋዴው ደጃፍ የሚያልፉ ጉዳዮች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሊታወቅ ይገባል። ነጋዴው የሚከፍለው የንግድ ትርፍ ግብር የመንግሥት ገቢ ሲሆን፣ የማዘጋጃ ቤት ገቢ የሚባለው ግን ከቦታ፣ ከቤት፣ ከገበያና ከልዩ ልዩ አገልግሎት የሚሰበሰበው ነው። ለትምህርትና ለጤና የሚውለው ገንዘብ በአብዛኛው ከክልሉ በድጎማ ይመጣል። የከተማው መንገድ፣ ቦይ፣ ጽዳት፣ ገበያና ቄራ ግን ዋና ስንቃቸው ከራሱ ከከተማው የሚገኘው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። ትንሽ ከተማ ደግሞ ትልቅ ፋብሪካ ወይም ብዙ የሚሸጥ ቦታ ስለሌላት፣ ይህ ገቢ በሌላ ቋንቋ የባለ ሱቁ፣ የባለ ሆቴሉ፣ የእህል ነጋዴውና የባለ ቤቱ ገንዘብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ነጋዴው በራሱ ገንዘብ ላይ በሚደረግ ምክር ባዕድ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት ለምሳሌ ያህል ብቻ የሚከተለውን ሒሳብ መመልከት ይበቃል። በአንዲት ትንሽ ከተማ የገበያ መንገድ ዳር 40 ሱቆች አሉ እንበል። የመንገዱ ቦይ ስለ ተደፈነ በክረምት ጭቃው የጭነት መኪና አያስገባም፤ ሸቀጡ ከሩቅ ወርዶ በተሸካሚና በጋሪ ይመጣል። አንዱ ሱቅ በወር 30 ኩንታል ቢያስገባና ለአንድ ኩንታል ተጨማሪ 15 ብር ቢወጣበት፣ በአራቱ የክረምት ወራት 1,800 ብር ይከስራል። አርባዎቹ ሱቆች በአንድነት 72,000 ብር ያጣሉ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፤ በማንም መዝገብ አይገባም፤ በክረምቱ መጨረሻም የተሠራ አንድ ክንድ ቦይ አይታይበትም።

አሁን ምክር ቤቱ ቦዩን ለማስጠረግና በድንጋይ ለማስገንባት እያንዳንዱ ሱቅ 1,000 ብር እንዲከፍል ቢወስን፣ ብዙው ባለ ሱቅ ክፍያ በዛብን ብሎ እንደሚያጕረመርም የታወቀ ነው። ነገር ግን ቦዩ በእርግጥ ከተሠራ በመጀመሪያው ክረምት 800 ብር ይተርፈዋል፤ በሚቀጥለውም ክረምት ያው 1,800 ብር በኪሱ ይቀራል። በአንጻሩ ገንዘቡ ተከፍሎ ቦዩ ሳይሠራ ከቀረ የባለ ሱቁ ኪሳራ ወደ 2,800 ብር ከፍ ይላል። እንግዲህ የነጋዴው ጥቅም ክፍያውን በመቃወም ወይም ዝም ብሎ በመክፈል አይጠበቅም። የሚጠበቀው ክፍያው ለምን ሥራ እንደ ታሰበ አስቀድሞ በመጠየቅ፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ መጻፉን በማረጋገጥና ሥራው መፈጸሙን በመከታተል ነው።

ይህን ለማድረግ ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በሐምሌ ደረሰኝ ሲሰጠው የሚጮኽ ነጋዴ ገበያው ከተበተነ በኋላ እንደ ደረሰ ሰው ነው፤ ዕቅዱ ሲዘጋጅ የነበረው በበልጉ ወራት ነውና። ጥያቄ ያለው ነጋዴ ጥያቄውን በሚያዝያና በግንቦት፣ ረቂቁ ገና በጽሕፈት ቤቶችና በቋሚ ኮሚቴዎች እጅ ሳለ፣ በጽሑፍ ቢያቀርብ የተሻለ ሰሚ ያገኛል። ጥያቄውም ተጨባጭ መሆን ይገባዋል። «መንገዱ ይሠራልን» ከሚል አቤቱታ ይልቅ፣ ከየትኛው ሱቅ እስከ የትኛው ድልድይ ስንት ሜትር ቦይ እንደ ተደፈነ፣ በክረምት ስንት መኪና ሳይገባ እንደ ቀረና ነጋዴው ስንት ብር እንደ ከሰረ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ወረቀት የበለጠ ያሳምናል።

አንድ ነጋዴ ለብቻው የሚናገረው ቃል የግል ጥቅም ፍለጋ ሊመስል ይችላል። ስለዚህም በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 ነጋዴዎች ከወረዳና ከከተማ ጀምሮ እስከ ክልልና እስከ አገር አቀፍ ደረጃ በንግድና በዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት እንዲደራጁ መንገድ ከፍቷል። የእህል ነጋዴው፣ የጨርቅ ነጋዴውና የባለ ሆቴሉ ጥያቄ በአንድ ወረቀት ሲቀርብ፣ ጥያቄው የሰፈር ሳይሆን የከተማ ጥያቄ ይሆናል። በብራዚል አገር የምትገኘው የፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎቿ በየሰፈሩ ተሰብስበው የትኛው ሥራ መቅደም እንዳለበት እንዲመክሩ ማድረጓ በዓለም ዙሪያ ስሟን አስጠርቷል። ወገዳን ከመሰለች ከተማ ጋር በሀብትም በስፋትም አትወዳደርም፤ ነገር ግን ከፋዩን አስቀድሞ መጠየቅ ትልቅ ሀብት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ፍርድን ላለማድላት የሁለቱንም ወገን ጉድለት መናገር ተገቢ ነው። አንዳንድ ምክር ቤቶች የስብሰባውን ቀን ለሕዝብ ሳያስታውቁ ይቀመጣሉ፤ የጸደቀውን ተመን በግልጽ ቦታ አይለጥፉም፤ ለአንድ ሥራ የተሰበሰበው ገንዘብ ለሌላ ሲውል ምክንያቱን አይናገሩም። ነጋዴውም በበኩሉ የሱቁን ጥራጊ በዚያው ቦይ ይጥላል፤ የመደብ ኪራይ ሰብሳቢው ሲመጣ መዝጊያውን ይገፋል፤ ስብሰባ ሲጠራ ልጁን ወይም ሠራተኛውን ይልካል። በዚህ ሁኔታ ቦዩ በሁለት ሰዎች ጥፋት ይደፈናል፤ ጭቃው ግን የሚቀረው በነጋዴው ደጃፍ ነው።

ያለፉት ዓመታትም ይህን ሥራ አላቀለሉትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በብዙ ወረዳዎች የመኪና ጉዞ፣ የገበያ ቀንና የመንግሥት መደበኛ ሥራ ተሰናክሏል። የዘወትር ሥራ ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ፣ በጀት ሳይመረመር የሚያልፍ ዓመት ድምፅ የለውም፤ ነገር ግን ያልተጠረገ ቦይ፣ ያልታደሰ መንገድና ምክር ያልተደረገበት ክፍያ ትቶ ያልፋል። በሌላ በኩል በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ክልሎችና ከተሞች ይህን ታክስ በሥራ ላይ ሲያውሉ ሱቅ፣ መጋዘንና ቤት እንዴት እንደሚገመቱ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብም ለምን ሥራ እንደሚውል ብዙ ምክር የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ነጋዴው በአነስተኛው የቦይ ክፍያ መጠየቅን ካልለመደ በዚህ ከፍ ባለው ጉዳይ ቃሉን ለማሰማት ይቸገራል።

አስመጪውም ሆነ ላኪው ይህን የትንሽ ከተማ ጉዳይ ብሎ ሊንቀው አይገባም። ከወገዳ የሚነሣው አንድ ኩንታል እህል በጭቃ ምክንያት ሦስት ቀን ቢዘገይ፣ መዘግየቱ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ዋጋ ላይ እየተጨመረ ይሄዳል፤ ከወደብ የተነሣው ሸቀጥም በመጨረሻዋ የገበያ መንገድ ላይ ሲቆም ያተረፈው ሁሉ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ የገበያውን ቀን እንደሚቈጥር ሁሉ የምክር ቤቱንም የስብሰባ ቀን ሊቈጥር፣ የተመኑን ወረቀት ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር አብሮ ሊያኖር ይገባዋል። በሰኔ ያልተናገረ ሰው በሐምሌ የሚቀበለው ደረሰኝ ብቻ ነው።