አርማው ይለያያል፣ ታው ትራኩ ግን ያው ነው

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአንድ የታው ትራክ ድርጅት ውስጥ የሌሊት ስልክ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደዋዩን መስማት፣ ያለበትን ቦታ መመዝገብ፣ ከዚያም የትኛው ሹፌር ወዴት እንደሚሄድ መወሰን ሥራዬ ነበር። አሁን ጠጋ ብዬ የምነግራችሁን እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ደንበኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መኪናው መንገድ ዳር ከቆመ በኋላ ነው።

አንዱ በኢንሹራንሱ፣ ሌላው በመኪናው አምራች ዋስትና፣ ሦስተኛው በክሬዲት ካርዱ በኩል እርዳታ ይጠይቃል። ሦስቱም ጥሪዎች እኔ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይወርዱ ነበር። ኢንሹራንሶችና አምራቾች በአብዛኛው የራሳቸው ጎታች መኪና የላቸውም፤ እንደ አጄሮ ያለ አገናኝ ድርጅት ይቀጥራሉ፣ አገናኙ ደግሞ ሥራውን በአካባቢው ላለ ባለ ታው ትራክ ያስተላልፋል። ትሪፕል ኤ የተባለው፣ በየአካባቢው ክለቦች ያሉት የአባላት ማኅበር የራሱ መኪኖች ቢኖሩትም ኮንትራክተሮችን በሰፊው ይጠቀማል። ስለዚህ ለስም ብላችሁ ተጨማሪ ዶላር አታውጡ። ልዩነቱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው፦ ስንት ማይል ይጎትታል፣ ወዴት ይወስዳል፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል፣ የማንን መኪና ይሸፍናል።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያስለቅሰው ማይሉ ነው። አንድ ሌሊት ከደለስ ኤርፖርት መንገድ ላይ አንድ አባት ደወሉልኝ።

«ጋሼ፣ መኪናው ወዴት ይወሰድልዎ?»

«አሌክሳንድሪያ ነው የኔ ልጅ፣ የማውቀው መካኒክ እዚያ ነው።»

«የያዙት ሽፋን እስከ 5 ማይል ብቻ ነው ጋሼ። ከዚያ በላይ ያለው ከኪስዎ ይከፈላል።»

«ሁሉን ይሸፍናል ብለውኝ ነው እኮ የገዛሁት!»

ከደለስ አሌክሳንድሪያ ከ25 ማይል በላይ ነው። ትርፉ ማይል በ5 ወይም በ6 ዶላር ቢታሰብ፣ እሳቸው በርካሽ ገዛሁት ያሉት ሽፋን በዚያች ሌሊት ብቻ ከ100 ዶላር በላይ አስወጣቸው ማለት ነው። በትሪፕል ኤ መጀመሪያው እርከን ጉተታው በብዙዎቹ ክለቦች 5 ማይል አካባቢ ነው፤ «ፕላስ» የሚባለው ግን እስከ 100 ማይል ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው የዓመት ክፍያ ልዩነት እንደየክለቡ ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ረጅም ጉተታ ያነሰ ነው። የምትኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መካኒካችሁም እዚያው፣ መኪናውንም የምትነዱት በሰፈር ውስጥ ከሆነ አነስተኛው ይበቃችኋል። ኤርፖርት የምትመላለሱ ወይም ሪችመንድና ባልቲሞር ዘመድ የምትጠይቁ ከሆነ ግን አይበቃችሁም። ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ፣ ዘወትር ከምትደርሱበት ሩቅ ቦታ እስከ መካኒካችሁ ያለውን ማይል ተመልከቱ። መግዛት ያለባችሁ ያንን ቁጥር ነው።

አንዳንድ የኢንሹራንስ ውል ደግሞ ማይል አይጠቅስም፤ «መጠገን ወደሚችለው ቅርብ ጋራዥ» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳታነቡ አትፈርሙ። ቅርቡ ጋራዥ የግድ እናንተ የምታምኑት ጋራዥ አይደለም። መኪናው እዚያ ከገባ በኋላ የተነገራችሁን ዋጋ መቀበል፣ ካልሆነም ለሁለተኛ ጉተታ ከኪስ መክፈል ነው።

አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምን በእጃችሁ እንዳለ ፈትሹ። ለአንድ መኪና ሁለትና ሦስት ቦታ የሚከፍሉ ወገኖች ብዙ አይቻለሁ፤ ያንን ገንዘብ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። አዲስ ቶዮታ ሲገዛ የ2 ዓመት፣ አዲስ ሃዩንዳይ ሲገዛ የ5 ዓመት የመንገድ ላይ እርዳታ አብሮ ይመጣል። ያገለገለ ከገዛችሁ ቀሪው ጊዜ ወደ እናንተ ይተላለፍ እንደሆነ ለዲለሩ ሳይሆን ለአምራቹ ደውላችሁ ጠይቁ። ክሬዲት ካርድ ላይ ያለውን ግን ተጠንቀቁት፦ ብዙው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው፣ ታው ትራኩ ሲመጣ ሂሳቡ ከካርዳችሁ ይቆረጣል። እናንተ ከፍላችሁ ደረሰኝ ስትልኩ እስከ ተወሰነ ዶላር የሚመልስም አለ፤ እኩለ ሌሊት ላይ በእጁ ገንዘብ ለሌለው ሰው ይህ ሽፋን አይባልም።

ኢንሹራንስ ላይ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ርካሹ ነው። ነገር ግን ወኪሉ ከማይነግራችሁ ነገሮች አንዱ እዚህ ጋ አለ። አንዳንድ ኩባንያዎች እያንዳንዱን የመንገድ ላይ ጥሪ እንደ ካሳ ጥያቄ ይመዘግቡታል። ምዝገባው ኢንሹራንሶች የሚጋሩት «ክሉ» የተባለ መዝገብ ውስጥ ሊገባ፣ እዚያም እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዓመት ሦስት ጊዜ ባትሪ ያስነሳ ሰው ኩባንያ ሊቀይር ሲል ያ መዝገብ ይነበብበታል። «ለታው ትራክ ብደውል እንደ ክሌም ይመዘገብብኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ይጻፉላችሁ።

ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ብዙ ውሎች ለንግድ የሚሠራ መኪናን አይሸፍኑም። ስትገዙ ማንም አይጠይቃችሁም፤ ውሉ የሚነበብላችሁ ሰው ጭናችሁ መንገድ ላይ ስትቆሙ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሥራችሁን በግልጽ ተናገሩና ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። የማይሸፍን ከሆነ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ይቆይ።

አሁን ወደ ስክሪኑ ልመልሳችሁ። አገናኙ ለእያንዳንዱ ጥሪ የሚከፍለው አስቀድሞ የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ መንገድ ላይ ቆሞ በቀጥታ የሚደውል ሰው ከሚከፍለው ብዙ ያንሳል። በረዶ በጣለበት ሌሊት፣ ስድስት ጥሪ ባለበት፣ ሹፌሮቻችን መጀመሪያ ወዴት እንደሚያዘነብሉ መገመት አያስቸግርም። «በ45 ደቂቃ ይደርሳል» የሚለው የስልክ መልእክት ሹፌሩ ከመምረጡ በፊት የተጻፈ ነው። ይህ አሠራር ልክ አይደለም፣ ያኔም ያመኝ ነበር። ሰዓቱ ካለፈ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለአገናኙ መልሳችሁ ደውሉና ለሌላ ድርጅት እንዲሰጠው ጠይቁ። ሥራውን ነጥቀው ለሌላ መስጠት ይችላሉ፣ ኮንትራክተሩም ያንን አይወድም።

ከምንም በላይ ሰዓት የሚበላው ግን የተሳሳተ መኪና ሲላክ ነው። ደዋዩ «መኪናዬ ተበላሸ» ብሎ ይዘጋል፤ እኔ የፊት ጎማ ብቻ የሚያነሳውን ትንሹን ታው ትራክ እልካለሁ፤ ሹፌሩ ሲደርስ መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው መኪናውን ሙሉ በሙሉ በሚሸከመው ፍላትቤድ ካልተጫነ ካምቢዮው ሊጎዳ ስለሚችል ሹፌሩ አይነካውም፣ ጥሪውም እንደገና ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ የመኪናውን ዓይነትና ዓመት፣ በስንት ጎማ እንደሚነዳ፣ ጎማዎቹ ይዞሩ እንደሆነ፣ ስኮርታ ጎማ እንዳለው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም፤ ጎማ ለመቀየር የመጣ ሰው ምንም ሳይሠራ ይመለሳል። ሃይዌይ ላይ ከሆናችሁ የመንገዱን ቁጥር፣ አቅጣጫውን፣ በቅርብ ያለፋችሁትን ኤግዚት ወይም የማይል ምልክት ንገሩ። ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ አብሯችሁ ካለ ይህንንም ከመጀመሪያው ተናገሩ፤ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚያ ነበር።

የኛ ሰው የሚወደውን ፕሪየስ በተመለከተ ደግሞ፣ ከ2004 እስከ 2015 ሞዴል ያለው ትንሹ ባትሪ የተቀመጠው ከኋላ ነው። ባትሪው ሲሞት የኋላው በር በኤሌክትሪክ የሚከፈት ስለሆነ እሱም አይከፈትም፤ ሰው ይደነግጣል፣ ጉተታ ይጠራል። ኮፈኖውን ክፈቱና የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አንሱ፤ ቀይ ሽፋን ያለው ማስነሻ ነጥብ እዚያ አለ። ጓንት ማስቀመጫ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የሊቲየም ማስነሻ ገዝቶ መያዝ በዓመት ከተፈቀዱላችሁ ጥሪዎች አንዱን ያተርፍላችኋል። ትሪፕል ኤ በብዙ ክለቦች ለአንድ አባል በዓመት የሚፈቅደው 4 ጥሪ ነው፤ ለባትሪ የጨረሰ ሰው ለጉተታ አይተርፈውም።

ሃይዌይ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ነዳጅ ቢያልቅ የግድ ሽፋናችሁን መንካት የለባችሁም። በቨርጂኒያ «ሴፍቲ ሰርቪስ ፓትሮል»፣ በሜሪላንድ «ቻርት» የሚባሉት የመንግሥት ቅኝት መኪኖች በዋና ዋና መንገዶች ላይ ይዘዋወራሉ፤ ጎማ ይቀይራሉ፣ ባትሪ ያስነሳሉ፣ የሚከፈል ነገር የለም። በሁለቱም ግዛቶች ከሞባይል #77 ብትደውሉ የግዛቱን ፖሊስ ታገኛላችሁ። ሳትጠሩት መጥቶ «ልውሰድልህ» ለሚል ታው ትራክ ግን ዋጋውን በጽሑፍ ሳታዩ ቁልፍ አትስጡ።

አባልነት ለመግዛት ከወሰናችሁ ደግሞ ከብልሽቱ በፊት ይሁን። ከፍ ባለው እርከን የሚሰጠው ረጅም ጉተታ በብዙ ክለቦች ሥራ የሚጀምረው ከከፈላችሁ ከቀናት በኋላ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ በስልኩ የሚገዛ ሰው ያን ሌሊት የሚያገኘው አጭሩን ማይል ነው። የትሪፕል ኤ አባልነት ደግሞ የሚከተለው ሰውየውን እንጂ መኪናውን አይደለም። ጓደኛችሁ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆናችሁም ካርዳችሁ ይሠራል። በአንጻሩ ባል ካርድ ስላለው ብቻ ሚስት የምትነዳው መኪና ተሸፍኗል ማለት አይደለም፤ የእሷ ስም በተጨማሪ አባልነት ካልገባ፣ እሷ ስትደውል ስሟ ስክሪናችን ላይ አይወጣም።